ሃይድሮጅኑ ለማሳው ይሁን

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰው በማመላለስ ነው የምተዳደረው። ሁለት ዓመት ያህል በሃይድሮጅን የሚሄድ መኪና ነድቻለሁ። አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር «ውሃ ብቻ ነው አሉ የሚወጣው፤ እውነት ነው?» እባላለሁ። እውነት ነው። ጠዋት ሳስነሳው ከሥሩ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው። አንዴ ሲሞላ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ለመሙላት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። መኪናውንስ ወድጄው ነበር።

መከራው ማደያው ላይ ነው። ጋዙ በ700 ባር ግፊት፣ ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ ቀዝቅዞ ስለሚገባ የመቅጃው አፍ በረዶ ሠርቶ መኪናው ላይ ይጣበቃል። እስኪለቅ ድረስ ቆሞ መጠበቅ ነው። ከፊቴ ሁለት ሦስት መኪና ከሞላ ደግሞ ማሽኑ ግፊቱን እስኪመልስ ሌላ ጥበቃ አለ። ይህ እንግዲህ ማደያው በሚሠራበት ቀን ነው። አንድ ዓርብ ማታ ሦስት ማደያ ዞሬ ሦስቱም ተበላሽተው አገኘኋቸው። መኪናዬን መንገድ ዳር አቁሜ፣ ዋናውን የገቢ ምሽቴን ከስሬ፣ በሰው መኪና ቤቴ ገባሁ።

የእኔ ብቻ ዕጣ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ያለችባት ካሊፎርኒያ ለሃይድሮጅን መኪና ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰች ግዛት ናት። ቢሆንም የነዳጅ ኩባንያው ሼል እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ እዚያ የነበሩትን የቤት መኪና ሃይድሮጅን ማደያዎቹን ዘጋ። የአንድ ኪሎ ዋጋም ከ30 ዶላር በላይ የወጣበት ጊዜ ነበር፤ አንድ ኪሎ የሚያስኬደው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ «መብራቱ ካለን ሃይድሮጅን አምርተን መኪና እንንዳበት» የሚል ሐሳብ እሰማለሁ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከውሃ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለመለየት 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ መጭመቂያውና ማቀዝቀዣው ሳይቆጠር። ያንኑ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባትሪ ውስጥ ብንከተው መኪናው 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄድበታል፤ በሃይድሮጅኑ ግን መቶ ገደማ ነው። ከእንስራ ወደ እንስራ እንደሚገለበጥ ውሃ፣ ከሦስት እጅ ሁለቱ መንገድ ላይ ይፈሳል ማለት ነው። ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ጀምሮ ሰው ባትሪውን ለምዶታል፤ ገመዱን ማታ ቤቱ ሰክቶ ያድራል። መብራት ይጠፋል፣ አውቃለሁ። ግን መብራት ሲጠፋ የሃይድሮጅን ማደያውም ይቆማል።

ሃይድሮጅን አያስፈልገንም ግን አልልም። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ከሃይድሮጅንና ከአየር ከሚገኝ ናይትሮጅን። ዓለም አብዛኛውን ሃይድሮጅን የሚያወጣው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። እኛ ግን ከውሃና ከራሳችን መብራት ልናወጣው እንችላለን። ከግድቡ ኃይል ለሃይድሮጅን የሚተርፍ ካለ፣ መሐንዲሶቻችን መጀመሪያ ለማዳበሪያ እንዲያስቡት እለምናለሁ።

አባቴ ጎጃም ያርሳሉ። ሰኔ ላይ ስደውልላቸው ስለምነዳው መኪና ጠይቀውኝ አያውቁም። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነግሩኝ ዩሪያው ቀበሌ መድረስ አለመድረሱን ነው።