ጤናችን፦ የቆየ ሕመምን ለሐኪም መንገር

ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። እሾህ ሲወጋን ያመናል፤ እሾሁ ሲወጣ ሕመሙ ይሄዳል። ወር አልፎ ወር ሲተካ የማይለቅ ሕመም ደግሞ አለ። ከ3 ወር በላይ ከቆየ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። የወገብ፣ የጉልበትና የራስ ሕመም ብዙ ጊዜ እንዲህ ይቆያል።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው። የመኪና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሥራ ያስፈታል። ወረፋው ረጅም ነው። ከሐኪሙ ፊት የምትቀመጡበት ጊዜ ግን አጭር ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከቤት ይጀመር።

ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲል እኛ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ነኝ» እንላለን። ለጎረቤት እንዲህ ማለት ደግ ልማድ ነው። ሐኪም ፊት ግን ከምስጋናው በኋላ ሕመሙ ይነገር። «ሁለመናዬን ያመኛል» ማለትም አይበቃም። የት ነው? መቼ ጀመረ? ሸክም አንሥታችሁ ነበር? ወድቃችሁ ነበር? ጠዋት ይብሳል ወይስ ማታ? ወደ እግር ይወርዳል?

ቋንቋችን ለሕመም ብዙ ቃል አለው። ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ያደነዝዘኛል እንላለን። እነዚህ አንድ አይደሉም። የሚያቃጥል፣ የሚነዝርና የሚያደነዝዝ ሕመም ብዙ ጊዜ ከነርቭ ይመጣል። መድኃኒቱም የተለየ ነው። ለምሳሌ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ክኒን አለ። ለድብርት ሕመም ይሰጣል፤ በትንሽ መጠን ደግሞ ለነርቭ ሕመም ይሰጣል። ይህን ከሰው ሰምታችሁ «ሐኪሙ እብድ አደረገኝ» ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ሐኪሙ «ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። 0 ማለት ሕመም የለም ማለት ነው። 10 ማለት ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። ቁጥሩን ንገሩት። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሥራው ይናገራል እላለሁ። «ድሮ እስከ ቀትር አርስ ነበር፤ አሁን ሁለት ትልም ካወጣሁ እቀመጣለሁ።» «እንስራ ማዘል አቃተኝ።» «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያነቃኛል።» ሐኪም ከዚህ ብዙ ይረዳል።

አሁን መጻፍ ችላችኋል፤ ደብተር አውጡ። ቀጠሮው 1 ሳምንት ሲቀረው በየማታው አንድ መስመር ጻፉ። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የዋላችሁበትን ሥራ ጻፉ።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ጎረቤት የሰጣችሁም ይሁን። ባዶው ማሸጊያም ይጠቅማል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ፓራሲታሞልም ከመጠን ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የጨጓራ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት አስቀድሞ ይናገር። ወጌሻ አሽቷችሁ፣ ዋግምት ተደርጎላችሁ፣ የሀገር መድኃኒት ጠጥታችሁ ከሆነም አትደብቁ። ሐኪሙ ቢቆጣ ይቆጣ፤ ማወቁ ለእናንተ ነው።

የተላካችሁበት ወረቀት፣ የጤና መድኅን መታወቂያና የድሮ ራጅ አይረሱ። ሁኔታችሁን የሚያውቅ ዘመድ አብሮ ቢሄድ ጥሩ ነው። ሴት ግን በዘመድ ፊት የማትናገረው ሕመም ካላት፣ እሱ ውጭ ይጠብቅ ማለት ትችላለች።

ቀጠሮ የማይጠበቅለትም ሕመም አለ። ወገቡን የሚያመው ሰው እግሩ ከከዳው፣ ሽንቱ እምቢ ካለው ወይም ካመለጠው፣ መቀመጫው ከደነዘዘ በዚያው ቀን ይሂድ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለም አይዘግይ። የሳንባ ነቀርሳ የጀርባ አጥንትንም ይይዛል።

ብዙ ሰው ራጅ ካልተነሣ፣ መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። የቆየ ሕመም ግን በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ሐኪሙ እንቅስቃሴ ቢያዝ ይህም ሕክምና ነው። ሕመሙ ጨርሶ ባይጠፋም፣ እንቅልፍ መተኛትና ወደ ሥራ መመለስ ትልቅ ነገር ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ይህ ክኒን ምንድን ነው? በቀን ስንቴ? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እስከ መቼ? መልሱን እዚያው በደብተራችሁ ጻፉ። የሚቀጥለው ቀጠሮ በፈረንጅ ቀን ተጽፎ ከሆነ በእኛ ቀን እንዲነግሯችሁ አድርጉ።