ክረምቱ ይለፍና

ሰኔ ግም ሲል የአገራችን ተራሮች ለጎብኚ ይዘጋሉ። የዘጋቸው አዋጅ የለም፤ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያም የለም። አስጎብኚዎች ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ «ዋናው ወቅት» ብለው ክረምቱን በዝምታ ያልፉታል። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ስሜን ወይም ወደ ባሌ ለመውጣት ያሰበ ከተሜም ቢኖር ወዳጅ ዘመዱ «በዚህ ጭቃ? ክረምቱ ይለፍና ትሄዳለህ» ይለዋል። ምክሩ ከአሳቢነት የመጣ ስለሆነ ማንም አይመረምረውም። ቢመረመር ግን ግማሹ እውነተኛ ጥንቃቄ፣ ግማሹ ደግሞ ለሌላ ሰው ተብሎ የተሰፋ የጊዜ ሰሌዳ ሆኖ ይገኛል።

የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮጵያን ለውጭ ሰው ሲያስተዋውቁ የ13 ወር ፀሐይ ያለባት አገር አድርገው ነበር ያቀረቧት። ለዘመኑ ብልህ ሥራ ነበር። በታኅሣሥና በጥር ውርጭ የሰለቸው አውሮፓዊ ሊሰማ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መፈክሩ እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው ሲተካ፣ በፀሐይ ፈላጊው ልክ የተሰፋው ሰሌዳ ግን ሳይነካ ቀረ። ኢትዮጵያዊውስ ፋታ የሚያገኘው መቼ ነው? ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ ተማሪውም መምህሩም እስከ መስከረም ያርፋሉ። ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን ልጆቹን ይዞ የሚመጣው ወገናችንም የሚመጣው የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የአገራቸውን ተራራ ሊያዩ የሚችሉት ልጆች ሁሉ ነፃ በሚሆኑበት ሰዓት ተራራው «ወቅቱ አይደለም» ይባላል። እነሱም ከሠርግ ወደ ካፌ፣ ከአክስት ቤት ወደ አጎት ቤት ሲመላለሱ ከርመው ይመለሳሉ። የራሳችንን ሰው ከራሳችን ተራራ የሚከለክል ሰሌዳ እንዴት የአገር ቱሪዝም ሰሌዳ ሊባል እንደሚችል ማስረዳት የሰሌዳው ጠበቆች ፋንታ ነው።

ተራራው ራሱ በክረምት የሚያጣው ነገር አለ ቢባል እንኳ የሚያገኘው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንውሰድ። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ሲኬድ የሚታየው የጅንባር ፏፏቴ ወደ 500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። በሚያዝያ የሄደ ሰው ከገደሉ አፋፍ አንገቱን አስግጎ የሚያየው ዐለት ላይ የተለጠፈ ቀጭን እርጥበት ነው። በነሐሴ የሄደ ግን ፏፏቴውን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል፤ ውኃው ከአፋፉ ነጭ ሆኖ ይወረወራል፣ መሐል ላይ ነፋስ ያገኘዋል፣ ከፊሉም መሬት ሳይነካ ጉም ሆኖ ወደ ላይ ይመለሳል። ጭላዳ ዝንጀሮም እንዲሁ ነው። ኑሮው በሣር ነውና በበጋ ሣሩ ሲደርቅ መሬት እየቆፈረ ሥር ያወጣል። ክረምት ሲገባ ግን በቂጡ ተደላድሎ ይቀመጥና ለምለሙን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እየነጨ፣ በሁለቱም እጆቹ፣ ቀና ሳይል ያኝካል። በበጋ ማብቂያ አቧራና ጭስ ሸለቆውን ስለሚሞላው የሩቁ ሰንሰለት ደብዛው ይጠፋል፤ ሌሊቱን ዝናብ ያጠበው ማለዳ ደግሞ ጉሙ በተገለጠ ቁጥር እያንዳንዱን ሸንተረር ለይቶ ያሳያል። ከተራራው ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይም ይመሰክራል። ቁመቱ ከ40 ሜትር የሚበልጠው ይህ ፏፏቴ ሲሞላ ስፋቱ ወደ 400 ሜትር ይደርሳል፤ በበጋ ግን ውኃው አንሶ የቀረውም ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ብዙ ርቀት የተጓዘ ሰው ገደሉን አይቶ ይመለሳል። «ምርጥ» የምንለው ወቅት ለፏፏቴው ክፉው ወቅት ነው።

ዝናብ እንግዳ ያባርራል የሚለው እምነት ደግሞ ከቀይ ባሕር ማዶ አይሠራም። በደቡብ ኦማን፣ በሰላላ ከተማ ዙሪያ ያሉት የዶፋር ተራሮች ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ድረስ በካፊያና በጉም ይሸፈናሉ፤ ደረቁ ምድር አረንጓዴ ይለብሳል። ወቅቱን «ኸሪፍ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ኸሪፍን ለማየት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ሰላላ ገብቷል፤ የበዛው ከኦማንና ከጎረቤት የባሕረ ሰላጤ አገሮች ነው። እኛ ለእንግዳ ይቅርታ የምንጠይቅበትን ጉምና ጭቃ ኦማኖች ይሸጡታል። እርግጥ እነዚህ የበረሃ ሰዎች ናቸው፤ ዝናብ ብርቃቸው ነው፣ ለአዲስ አበባ ሰው ግን ዝናብ ደጁ ላይ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ሙምባይስ? በዝናብ የምትጥለቀለቅ ከተማ ናት፤ ነገር ግን ዝናቡ ሲገባ ነዋሪዎቿ በባቡርና በመኪና ሆነው ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ወዳለችው ተራራማዋ ሎናቫላ ይጎርፋሉ። ቅዝቃዜ ፍለጋ እንዳይባል ዝናቡ የከተማዋንም ሙቀት አብርዶታል። የሚሄዱት ውኃ ከገደል ሲወርድ ለማየት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው፤ እዚያው ሎናቫላ ላይም ታይቷል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2024 በቡሺ ግድብ አጠገብ ድንገት የሞላ ፏፏቴ ከአንድ ቤተሰብ አምስት ሰው ወስዷል። በእኛም አገር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጎፋው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ነዋሪዎችን ቀብሯል። ዝናብ የጠገበ ተራራ ቀልድ አያውቅም፤ ክረምትን በጠራ ሰማይና በአበባ ብቻ የሚያስተዋውቅ ማስታወቂያ ቢወጣ ከአሁኑ ሰሌዳ የባሰ ውሸት ይሆናል። ሁሉም ቦታ በክረምት ይከፈት ማለትም አይቻልም። የሶፍ ዑመር ዋሻ የወይብ ወንዝ ሲሞላ አይገባበትም፤ ይዘጋ። በድንኳን እያደሩ ቀናትን የሚፈጅ የእግር ጉዞም በዚያ ጭቃ ሰውንም በቅሎውንም ያደክማል፣ መንገዱንም ይሸረሽራል። ጥያቄው ግን የትኛው መንገድ፣ በየትኛው ሰዓት የሚል ነው። በደጋው የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። በማለዳ ተነሥቶ፣ በጥርጊያ መንገድ በመኪና ሄዶ፣ የአንድና የሁለት ሰዓት እግር ጉዞ አድርጎ ለምሳ መመለስ የማይቻልበት ምክንያት የለም። ማን የትኛውን ዳገት ዛሬ መውጣት እንደሌለበት የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በዚያ ወቅት ሥራ ፈት ናቸው።

ሥራ ፈት ማለቱ የሚያከራክር ነው፤ ገበሬው የሚያርሰውና የሚያርመው በክረምት ስለሆነ እንግዳ ቢመጣ የሚያስተናግደው ሰው የለም ሊባል ይችላል። ከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ የደጋው ገበሬ ጎተራው የሚራቆተው መቼ እንደሆነ ያየ ሰው ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል። ያለፈው ዓመት እህል ሲያልቅና አዲሱ ሳይደርስ ያለው ክፉ ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ነው። የቱሪዝም ገንዘብ ግን የሚደርሰው ከጥቅምት ጀምሮ፣ አዝመራው መድረስ ሲጀምር ነው። በቅሎ አከራዩ፣ ምግብ አብሳዩ፣ ጠመንጃ አንግቶ ጎብኚውን የሚከተለው ስካውት ብር እጅግ በሚፈልጉበት ወር ብር አያዩም። ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ለግማሽ ቀን እንግዳ ቢመራ እርሻው አይስተጓጎልም፤ በዚያ ወር የምታስፈልገው ደግሞ ያቺው የግማሽ ቀን አበል ናት።

በዛሬው ሁኔታ ስለ ዝናብ መከራከር ቅንጦት ነው የሚለውም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወደ ስሜን ለመሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ የሰላም እንጂ የአየር ጠባይ አይደለም፤ ሰው ሕይወቱን አስይዞ ፏፏቴ ይይ የሚል የለም። ነገር ግን ክረምትን የመዝጋቱ ልማድ ከጦርነቱ በፊት የነበረ ነው፤ ካልተነካ ሰላም ሲመጣም እንደነበረ ይቀጥላል። ባሌም የወንጪ ሐይቅም በዚሁ ልማድ ውስጥ ናቸው። ልማዱን ለመቀየር አዲስ ሎጅ መገንባት አያስፈልግም። ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ የሚከራይበት ሱቅ፣ የራሰ ልብስ የሚደርቅበት እሳት ያለው ክፍል፣ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ በየማለዳው የሚለጥፍ የፓርክ ጽሕፈት ቤት ይበቃል። ዋጋውም የበጋው መሆን የለበትም፤ ጉም ሊጋርደው እንደሚችል አውቆ ለሚሄድ ሰው ቅናሽ ይገባዋል።