ቦንዡር ለድሃ፣ መጽሐፉ ለባለጸጋ?

«እንግሊዝኛውን መቼ ቻሉትና ነው ፈረንሳይኛ የሚማሩት?» አለኝ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሆነ ወዳጄ። ክፉ አስቦ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን እያስታወሰ ነው። ቁጥሩ ያሳፍራል፤ ክርክሩ ግን አንዷ ላም ነጠፈች ተብሎ ሌላዪቱም አትታለብ እንደማለት ነው።

ለመሆኑ ፈረንሳይኛ ለዚህች አገር እንግዳ ነው እንዴ? ከጣልያን ወረራ በፊት የዘመናዊ ትምህርታችን ዋነኛ የውጭ ቋንቋ እርሱ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ጣቢያውን «ለገሃር» አልነው፤ የታክሲው ረዳት ዛሬም በፈረንሳይኛ እንደሚጣራ ሳያውቅ ይጣራል። «ቢሮ»ም «ሹፌር»ም ከዚያው የመጡ ናቸው።

ዛሬ ግን ጠለቅ ያለውን ፈረንሳይኛ፣ ልቦለድ አንብበው የሚከራከሩበትን፣ ድርሰት ጽፈው ለባካሎሬያ የሚቀመጡበትን ማለቴ ነው፣ ለማግኘት እንደ ሊሴ ገብረ ማርያም ያለ ግቢ መግባት ያሻል። ትምህርት ቤቱን አልወቅስም፤ ሥራውን ይሠራል። የምወቅሰው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ከአጥሩ ውጭ መቅረቱን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የተቀበልነውን እኛን ነው። ለእርሱ፣ ያውም ዕድል ከቀናው፣ ቦንዡርና ሜርሲ ይበቃዋል ተባለ።

ምን ይጠቅመዋል? የአፍሪካ ኅብረት ከተማችን ውስጥ መሆኑን፣ ወደባችን ጅቡቲ መሆኗን ሌሎች ብለውታልና አልደግመውም። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ያቋረጠው የማርሴል ግሪዮል ቡድን የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳቸው አንሥቶ ፓሪስ ወሰዳቸው፤ ብራናዎችም አብረው ሄዱ። ከቡድኑ አባላት አንዱ ሚሼል ሌሪስ የጉዞውን የዕለት ማስታወሻ በ1934 አሳተመ። ያ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2017 ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመት! ያን ሁሉ ዘመን ፈረንሳይኛ ያልተማረ የጎንደር ልጅ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት እንደተራቆተ ከቦታው ከነበረው ሰው ብዕር ማንበብ አልቻለም። በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያሉት የአንቷን ዳባዲ የግዕዝ ብራናዎችም መዝገባቸው የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ነው። የራሳችንን ንብረት ዝርዝር ለማየት እንኳ አስተርጓሚ እንቀጥር?

ሁሉም ተማሪ ይማር አላልኩም። በየክልሉ አንድ ሁለት ትምህርት ቤት ይመረጥ፤ የፈለገ ከ9ኛ ክፍል ይጀምር፤ 12ኛን ሲጨርስ መጽሐፍ ገልጦ የሚያነብ ይሁን። መምህር ከየት ይምጣ የሚለኝ ካለ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛ ተመርቀው ቱሪስት የሚያስጎበኙትን ይጠይቅ።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እስቲ መጽሐፉን አምጣልኝና ልየው» አለኝ። የፈረንሳይኛውን ወሰድኩለት። ገለጠ፣ ገለጠና «ጎንደር» የሚለውን በላቲን ፊደል ለይቶ በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ መለሰልኝ።