«ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ሲባሉ

በአዳማና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች ትኩሳት ይዞት ሐኪም ዘንድ ደርሶ የተመለሰን ሰው «ምን አሉህ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚል ነው። ሁለቱ በሽታዎች እንደ መንታ ልጆች ስማቸው ተነጣጥሎ አይጠራም። ጎረቤትም ይህንኑ ሰምቶ «እግዜር ይማርህ» ይላል እንጂ፣ እንዴት ሁለቱ በአንድ ጊዜ ያዙህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ከመልካሳ አንዲት የሁለት ልጆች እናት በጻፉልን ደብዳቤ፣ የሰባት ዓመት ልጃቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይኸው ስም እንደ ተሰጠው፣ ሦስት ጊዜም የተለያየ መድኃኒት እንደ ወሰደ ገልጸው «በሽታው ከልጄ ደም አልወጣ ብሎ ነው? ወይስ መድኃኒቱ ነው የማይሠራው?» ሲሉ ይጠይቁናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ብዙ እናቶችም በልባቸው የሚያመላልሱት ነው። ይሁን እንጂ እኒህ እናት ያላነሱት ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ይኸውም ልጁ ከሦስቱ ጊዜያት በአንዱስ እንኳ በእርግጥ ታይፎይድ ይዞት ነበር ወይ? የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ሁለቱ በሽታዎች ዝምድናቸው የስም ብቻ ነው። ታይፎይድ ወይም የአንጀት ተስቦ፣ በዓይነ ምድር በተበከለ ውሃና ምግብ አማካይነት የሚገባ፣ ሳልሞኔላ ታይፊ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው በሽታ ነው። ታይፈስን የሚያመጣው ግን ሪኬትሲያ የሚባል ሌላ ጀርም ሲሆን፣ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ዓይነት የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው። አንዱ የውሃና የእጅ፣ ሌላው የልብስና የገላ ንጽሕና ጉዳይ ነው። ሁለቱ አንድን ሰው በአንድ ሳምንት ሊይዙት አይችሉም አይባልም፤ የሰፈሩ ትኩሳት ሁሉ ሁለቱን አጣምሮ ይመጣል ማለት ግን ለማመን ያስቸግራል።

ታዲያ በውጤቱ ወረቀት ላይ ሁለቱም የሚጻፉት ለምንድን ነው? ምርመራዎቹ ያረጁ በመሆናቸው ነው። ለታይፎይድ የሚሠራበት ዊዳል የሚባለው ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ የነበረ ነው። ለታይፈስ የሚሠራበት ዌል-ፌሊክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1916 የተገኘ ነው። ሁለቱም ጥቂት ደም ወስደው የሚፈልጉት ጀርሙን አይደለም፤ ሰውነት ጀርምን ለመከላከል የሚያዘጋጀውን ፀረ አካል የሚባለውን ነገር ነው። በሌላ አነጋገር የሌባውን ዱካ እንጂ ሌባውን አይዙም። ዱካው የዛሬ ይሁን የአምና አይለዩም። ከዚህ ቀደም ታይፎይድ የነበረበት ወይም ክትባቱን የወሰደ ሰው፣ በሌላ በሽታ ታሞ ሳለ ዊዳሉ «አለበት» ሊል ይችላል። ወባም እንኳ ይህንን ምርመራ ያሳስታል፤ ይህም ወባ በማይጠፋበት በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ቀላል ነገር አይደለም። ዌል-ፌሊክስማ ጭራሹን የሚሠራው በታይፈስ ጀርም ሳይሆን ፕሮቲየስ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧዋን ያመማት ሴት «ታይፈስ አለብሽ» ልትባል ትችላለች።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ታይፎይድ የተጠረጠረባቸውን 270 ሕሙማን በሁለት መንገድ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ነበር። በዊዳል ዓይነቱ ፈጣን ምርመራ 88ቱ የበሽታው ምልክት ታየባቸው። የእነዚሁ 270 ሰዎች ደም በላቦራቶሪ እንዲበቅል ሲደረግ ግን ጀርሙ በእርግጥ የተገኘው በ11 ሰዎች ብቻ ነው። ልዩነቱን አንባብያት ራሳቸው ያስሉት። የደም ካልቸርም የሚያመልጠው በሽተኛ እንዳለ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ርቀት በዚያ ብቻ አይገለጽም። የቀሩት ሰዎች ትኩሳት ከምን እንደ መጣ ሳይታወቅ ለታይፎይድ የሚሰጠውን መድኃኒት ቢውጡ ኖሮ፣ ገንዘባቸውም ጊዜያቸውም ባክኖ፣ እውነተኛው በሽታ በውስጣቸው እንዳለ ይቀር ነበር። ለመልካሳዋ እናት የምንሰጠውም መልስ ከዚሁ የሚነሣ ነው፤ ልጁን በየጊዜው የሚያሳምመው ምን እንደ ሆነ እስካሁን በትክክል አልተመረመረም ይሆናል።

የተሻለው ምርመራ በላቦራቶሪ ሰዎች ቋንቋ ካልቸር የሚባለው ነው። ጀርሙን አብቅሎ ማየት ማለት ነው። ደሙ ወይም ሽንቱ ወይም መግሉ ባክቴሪያ በሚመገበው ነገር ውስጥ ተጨምሮ በሰው ገላ ሙቀት ልክ እንዲቆይ ይደረጋል። በዚያ ውስጥ አንዲቱ ባክቴሪያ በአንድ ሌሊት ሚሊዮኖች ትሆናለች፤ በሳህኑ ላይም በዓይን የሚታይ ነጠብጣብ ትሠራለች።

እዚህ ላይ ለእኛ ለሴቶች ደስ የሚያሰኝ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1881 ገደማ በጀርመን አገር የሮበርት ኮክ ባልደረባ የነበረው ሐኪም ሄስ፣ ባክቴሪያ የሚያበቅልበት ጄላቲን በበጋ ሙቀት እየቀለጠ አስቸግሮት ነበር። ባለቤቱ ፋኒ ሄስ ግን በማእድ ቤቷ የምታዘጋጀው ማርማላታ በሙቀት የማይቀልጠው ከባሕር አረም የሚወጣ አጋር የሚባል ነገር ስለምትጨምርበት መሆኑን ነገረችው። ይህንንም የተማረችው ጃቫ ከኖረች ጎረቤቷ ነው። ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ባሳወቀበት ጽሑፍ አጋርን ሲጠቅስ የፋኒን ስም አላነሣም። ዛሬም በአዳማም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በዓለም ሁሉ ባሉ ላቦራቶሪዎች ባክቴሪያ የሚበቅለው በዚሁ በአንዲት የቤት እመቤት ዘዴ ነው። በመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል አካባቢ ፓፓያ እየገዙ ማርማላታ የሚሠሩ እናቶች ይህንን ቢያውቁት አይጎዳም።

ጀርሙ ከበቀለ በኋላ ሁለተኛው ሥራ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ማወቅ ነው። ባክቴሪያው በሳህኑ ላይ ተቀብቶ፣ በየመድኃኒቱ የተነከሩ አዝራር የሚያህሉ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይደረደሩበታል። በማግሥቱ ሲታይ፣ መድኃኒቱ የሠራ እንደ ሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ የሌለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል፤ ላቦራቶሪውም ቀለበቱን በማስመሪያ ለክቶ ይጽፋል። መድኃኒቱ ካልሠራ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ይበቅላል። ያን ጊዜ ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶታል እንላለን።

መላመድ የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። የሚላመደው ጀርሙ እንጂ ሰውየው አይደለም። «እኔ መድኃኒት አላበዛም፣ ስለዚህ አይለመደኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም፤ መድኃኒት የለመደው ጀርም ከጎረቤት፣ ከሆስፒታል አልጋ፣ ካልታጠበ እጅ ሊመጣ ይችላልና። ባክቴሪያዎችም የመቋቋምን ችሎታ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ያቀባብላሉ።

የአዳማና የመልካሳ ሰው ይህንን ከወባ ታሪክ በሚገባ ያውቀዋል። ወባ ባክቴሪያ ባይሆንም ነገሩ አንድ ነው። በዕድሜ የገፉ እናቶች ክሎሮኪን ትኩሳቱን ሁሉ ያጠፋ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት ክሎሮኪንን ተላመደና እ.ኤ.አ. በ1998 በፋንሲዳር ተተካ። ፋንሲዳርም ስድስት ዓመት ያህል ብቻ አገልግሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ቦታውን ለኮአርተም ለቀቀ። አንዱ ሲሞት ሌላው የሚገኘው ግን ሁልጊዜ አይደለም። ለባክቴሪያ የሚሆን አዲስ መድኃኒት በዓለም ላይ የሚወጣው እጅግ በጥቂቱ ነው። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ፣ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒቱን በማያውቅ እጅ አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተገምቷል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ጉዳዩ በብሔራዊ ደረጃ ክትትል ይደረግበታል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከባለፈው ሕመም የተረፈ አሞክሳሲሊን አይጠፋም። ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ሁለት ፍሬ ይሰጠዋል፤ ሲሻለው ይቆማል፤ የጎረቤት ልጅ ሲያስለው ደግሞ የቀረው ይላክለታል። ደግነቱ ደግነት ነው፤ ነገር ግን ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ ቫይረስን አይነካውም። ልጁ የዳነው መድኃኒቱን ባይውጥም በሚድንበት ቀን ነው። ተበጥብጦ የቆየ ሽሮፕማ የሚያገለግለው ለጥቂት ቀናት ብቻ በመሆኑ ለሚቀጥለው ሕመም ማስቀመጥ ከንቱ ነው። በሕጉ መሠረት እነዚህ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጡም፤ ሕጉ በመስኮቱ በኩል ምን ያህል እንደሚከበር ግን አንባብያት ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

በተቃራኒው መድኃኒት በፍጹም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሳልና ንፍጥ ሳይኖር ጉሮሮው የቆሰለና የተኮሰ ልጅ ለሐኪም መታየት አለበት። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ሳይታከም ሲቀር፣ በአገራችን የብዙ ልጆችን የልብ በር ያበላሸውን በሽታ ያስከትላልና። ውሃ መሰል ተቅማጥ ግን በአብዛኛው የሚፈልገው ፀረ ባክቴሪያ ሳይሆን ለምለም የሚባለውን ንጥረ ነገርና ዚንክ ነው፤ ደም ከተቀላቀለበት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

«ካልቸር ይሠራልኝ ማለት ለሀብታም ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። የካልቸር ውጤት ሁለትና ሦስት ቀን፣ የደም ሲሆን ከዚያም በላይ ይቆያል። የቀን ደመወዝ የምታገኝ የፋብሪካ ሠራተኛ ከመልካሳ አዳማ ለመመላለስ ከሥራ መቅረት አለባት። የዊዳሉ ወረቀት ግን በግማሽ ሰዓት ይደርሳል፤ መድኃኒት ይዞ መመለስም ልብን ያሳርፋል። እንዲህ ባለው ሁኔታ ሠራተኛዋን መውቀስ አይገባም። ለትኩሳት ሁሉም ካልቸር ይሠራ አንልም። በእኛ አካባቢ መቅደም ያለበት የወባ ምርመራ ነው፤ እርሱም በየጤና ጣቢያው አለ። ልጁ መጠጣት ያቃተው፣ የሚያንዘፈዝፈው፣ ራሱን የሳተ፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ ወይም አንገቱ የገተረ እንደ ሆነ ደግሞ ውጤት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ሐኪሙ ናሙናውን ወስዶ መድኃኒቱን በዚያው ይጀምርለታል። ነገር ግን ትኩሳቱ በተደጋጋሚ ሲመለስ፣ ወይም መድኃኒት ተወስዶ ለውጥ ሲጠፋ «ካልቸር ሊሠራልኝ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። ነባሮቹ የናዝሬት ሰዎች ዛሬም ኃይለ ማርያም ማሞ እያሉ ለሚጠሩት የአዳማ ሆስፒታል፣ በዚያው ከተማም ላለው የኅብረተሰብ ጤና ምርምርና ሪፈራል ላቦራቶሪ ማዕከል ቅርብ ነን፤ ገጠር ያሉ እህቶቻችን ይህ የላቸውም።

ናሙና ስለ መስጠት ጥቂት እንበል፤ በዚህ ረገድ ብዙ ምርመራ ይበላሻልና። ናሙናው መወሰድ ያለበት ፀረ ባክቴሪያው ከመጀመሩ በፊት ነው። አንድ ሁለት ፍሬ ተውጦ ከሆነ ለባለሙያው በግልጽ መንገር ይገባል፤ ማፈር አያስፈልግም። ሽንት ሲሆን፣ ሴቶች አስቀድመው ከፊት ወደ ኋላ በንጹሕ ውሃ ታጥበው፣ የመጀመሪያውን ሽንት ወደ ውጭ ለቀው፣ መካከለኛውን ከላቦራቶሪው በተሰጠው ዕቃ ይቀበሉ። የጃም ወይም የመድኃኒት ጠርሙስ አጥቦ ማምጣት ውጤቱን ያበላሻል። ሽንቱም በሁለት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ በመልካሳና በአዳማ ሙቀት ከዚያ በላይ ከቆየ ጥቂቱ ባክቴሪያ ብዙ ሆኖ ይታያል።

ነፍሰ ጡር እናቶች በተለይ ይህንን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። በእርግዝና ጊዜ በሽንት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ምንም ሳያቃጥልና ሳያም ሊቆይ ይችላል፤ ሳይታከም ሲቀር ግን ወደ ኩላሊት ወጥቶ ያለ ጊዜው መውለድን ሊያስከትል ይችላል። በክትትል ቀን ሽንት ስጪ ሲባል «ምንም አላመመኝም» ብሎ መተው የለም። ለእርጉዝ ሴት የማይሰጡ መድኃኒቶችም ስላሉ፣ ባል ከፋርማሲ «ለሽንት የሚሆን» ብሎ የሚያመጣውን ከመዋጥ በፊት እርግዝናውን ለባለሙያው መናገር ግድ ነው፤ ሆዱ ገና ያልታየም ቢሆን።