ዲላ ያልደረሰው ፉርጎ

ዲላ ሐዲድ የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም። ሊኖራት ግን ታስቦ ነበር። በ1950ዎቹ ከናዝሬት ተገንጥሎ እስከ ዲላ የሚዘልቅ 310 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ታቅዶ ነበር። ለምን ተብሎ ለዲላ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የያኔው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ቡና እዚሁ ፉርጎ ላይ ይጫናል፣ ናዝሬት ላይ ከዋናው መስመር ይገናኛል፣ በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ ይወርዳል። ዕቅዱ ወረቀት ላይ ቀረ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ አሮጌው ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ራሱ ዝጎ ቆመ። በመስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ወደ እኛ አልዞረም። ቡናችን ዛሬም የሚወጣው በአይሱዙና በተሳቢ ነው።

ይህን የቆየ ጉዳይ የቀሰቀሰብኝ የትንንሽ ባቡሮች ነገር ነው። ፈረንጅ አገር ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ሐኪም፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ሐዲድ ዘርግቶ የሚጫወትበት የሞዴል ባቡር የሚባል ነገር አለ። ጨዋታ ማለቴን ቢሰሙ ይቆጣሉ። እውነትም ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1859 በጀርመኗ ጎፒንገን ከተማ የተመሠረተው ሜርክሊን እ.ኤ.አ. በ1891 ላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ላይ መጠኑ የተወሰነ የአሻንጉሊት ሐዲድ ይዞ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው በየዓመቱ አንድ አንድ ፉርጎ እየገዛ መቀጠል የቻለው። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልክ እውነተኛውን ባቡር በ87 ያሳንሰዋል፤ የሐዲዱም ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው።

ሰብሳቢዎቹ ሞተሩን ሁሉም ይወዱታል፤ ብዙም አይጣሉበትም። ክርክሩ የሚጦፈው ከኋላ በሚቀጠለው ላይ ነው። የትኛው ፉርጎ ነው የሚወደደው? ጀርመኖቹ የቢራ ፉርጎ ይሰበስባሉ፤ የየከተማው ጠማቂ ስሙን ያጻፈበትን፣ ነጣ ያለውን። አሜሪካኖቹ በድሮው ጊዜ ከባቡሩ ጭራ የሚቀጠለውን፣ ሠራተኞቹ የሚያድሩበትን ቀይ ፉርጎ ሲያዩ ልጅነታቸው ይመጣባቸዋል። የንጉሥ ሠረገላ የሚወድ አለ፤ ነዳጅ ጫኝ ቦቴ ብቻ የሚገዛም አለ።

እኔን የያዘኝ ግን የወተቱ ፉርጎ ነው። ሊዮኔል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው ነው፤ በዘመኑ ገበያው ደርቶለት ነበር። ነጭ፣ ዝግ፣ ሲያዩት ተራ ፉርጎ ነው። ከመድረኩ አጠገብ አቁመው ቁልፉን ሲጫኑት ግን በሩ ብርግድ ብሎ ይከፈትና ነጭ የለበሰ አውራ ጣት የሚያህል ሰውዬ ብቅ ይላል፤ የወተት ጣሳውን ገፍቶ መድረኩ ላይ ያቆምና ተመልሶ ይገባል። እንደገና ሲጫኑት ሌላ ጣሳ ይዞ ይመጣል። ጣሳዎቹ እንዳይወድቁ ከታች ማግኔት አላቸው። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ያው ኩባንያ በኋላ አንገቷን ጎንበስ ቀና የምታደርግ ቀጭኔ የተጫነችበት ፉርጎም ሠርቷል፤ እሱም ያስቃል። የወተቱ ግን ከዚያ ያልፋል። ወተት በየማለዳው ደጅ ላይ ይቀመጥለት ለነበረው የዚያ ዘመን ሕፃን፣ ጣሳ የሚያወርደው ሰውዬ የሚያውቀው ሰው ነበር። ፉርጎውን ያስወደደው ቀለሙም ፍጥነቱም አይመስለኝም፤ የጫነው ነገር ከቤት የሚታወቅ መሆኑ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ካርቶኑ ያልተከፈተ ፉርጎ ዋጋው እጥፍ ነው ብለው ከነማሸጊያው መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጡ ሰብሳቢዎች አሉ። መንኮራኩሩ ሐዲድ ያልነካ ባቡር ምኑ ይሰበሰባል? አክሲዮን መግዛት ይሻላቸው ነበር።

ወደ ዲላ ልመለስ። እዚህ ሰብሳቢ የለም የሚል ካለ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ይይ። ባለፈው አንድ የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ የሽቦ አይሱዙ እየነዳ አገኘሁት። መሪው ረጅም ሽቦ ሆኖ እስከ ደረቱ ይደርሳል፤ ቀና ብሎ ነው የሚነዳው። አካሉ ከዘይት ቆርቆሮ የተቀደደ ነው፣ የዘይቱ ስም በአንድ በኩል ተገልብጦ ይታያል። ጎማዎቹ ከሸበጥ ሶል ተቆርጠው በምስማር መሐላቸው ተበስቷል። የፊት መብራቶቹ ሁለት ቆርኪዎች ናቸው። እዚህ ድረስ በየከተማው ያለ ነው። እኔን ያስቆመኝ ጭነቱ ነው። ከአሮጌ ጆንያ ተቀዶ በመርፌ የተሰፋ፣ እያንዳንዱ ከአውራ ጣቴ ትንሽ ዝቅ የሚል፣ አፉ በክር የታሰረ ጆንያ በረድፍ ተደርድሯል። አንዱን ጫን ብዬ ዳሰስኩት። ውስጡ የቡና ገለፈት ነው።

«ምን ጫንክ?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«ቡና ነው ጋሼ።»

«ሙዝና አናናስ አትጭንም?»

ያላዋቂ ጥያቄ እንደ ጠየቀው ሰው አየኝ። «እሱ በባጃጅ ይሄዳል» አለኝና ሞተሩን በአፉ አስነስቶ ሄደ።

ይህ ልጅ ጎፒንገንን አያውቅም፤ ሰብሳቢዎቹ ዓመታት የሚከራከሩበትን ነገር ግን ጨርሶታል። የሚወደደው ጭነቱ የሚታወቀው ነው። ስለዚህ የዲላ ሰው የሞዴል ባቡር ፍቅር ቢይዘው የትኛውን ፉርጎ ይመርጣል ብባል መልሴ አጭር ነው፤ ያንን በ1950ዎቹ ሊመጣልን የነበረውን፣ በሩ ወደ ጎን የሚንሸራተተውን ዝግ የቡና ፉርጎ።

ይህን ስል የአሮጌውን መስመር ወዳጆች እንደማስቀይም አውቃለሁ። የእነሱ ዓይን ሌላ ቦታ ነው። ሊቶሪናዋን ይፈልጋሉ፤ ጣሊያን ያመጣትን፣ ሞተሯና መንገደኛዋ አንድ ላይ የሆነችውን። ወይም የጃንሆይን ሠረገላ። እኔ ግን የሠረገላው ወንበር ምን ዓይነት ቆዳ እንደለበሰ ማወቅ አያጓጓኝም። አጼ ምኒልክ በ1886 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሲሰጡ፣ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋን ሲቆረቁር፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ፣ ድካሙ ሁሉ የሚተርፈው በዕቃ ነበር። ዕቃ የሚሄደው ደግሞ በዝግ ፉርጎ ነው። በየጣቢያው አቧራ የጠጣው፣ ፎቶ ያልተነሳው እሱ ነው።

ደግሞ ለሞዴል የሚመች ሐዲድ ነበረን። የአሮጌው መስመር ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ የስዊስ ተራሮችን የሚወጡት ብዙዎቹ ባቡሮችም እንደዚሁ። ኤል.ጂ.ቢ. የሚባል የጀርመን ሥሪት እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ባቡሮችን በ22.5 አሳንሶ በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይነዳቸዋል። 45ን በ22.5 ያባዛ ሰው አንድ ሜትር ከአንድ ሳንቲም አካባቢ ያገኛል። የእኛው ሐዲድ ማለት ነው። አንድ ሜትር የሚቆም የቡና ጆንያ በዚህ ልክ አራት ሳንቲም ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ያ ልጅ በመርፌ የሰፋው እንዲሁ ሳይለካ እዚያው ላይ ነው ያረፈው።

በዚህ ልክ ከናዝሬት ዲላ እንዘርጋ ካልን 310 ኪሎ ሜትሩ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ግድም ይወርዳል፤ ከዲላ ተነስቶ ወናጎ አካባቢ መድረስ ነው። በ87 ካሳነስነው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። አይሞከርም፤ ሞዴል ሠሪዎችም አይሞክሩትም። የእነሱ ብልሃት መጨረሻውን ጣቢያ ብቻ መሥራት ነው። ባቡሩ ከመጋረጃ ጀርባ ይመጣል፣ ይራገፋል፣ ይጭናል፣ ተመልሶ ይሰወራል። ደስ የሚለው ደግሞ በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ያልተሠራ መስመር መሥራት ነውር አለመሆኑ ነው። ታቅደው የቀሩ መስመሮችን ፈልፍለው፣ ተሠርተው ቢሆን ኖሮ ምን ይመስሉ ነበር ብለው ጠረጴዛ ላይ የሚያቆሙ ሞልተዋል። የናዝሬት–ዲላ መስመር ግን እስካሁን ባለቤት የለውም። ሌላ ከመውሰዱ በፊት እኛው እንውሰደው ባይ ነኝ።

ጣቢያው ምን ይመስላል? መጋዘን አለው፣ ሚዛን አለው፣ ከሚዛኑ አጠገብ ዣንጥላ ይዞ የሚጨቃጨቅ ነጋዴ አለው። ከኋላው ተራራው ይነሳል፤ ሜዳ ጌዴኦ ውስጥ ከየት ይመጣል? በተራራው ላይ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ በመካከል እንሰት፣ ከሥሩ ቡና። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህን የተደራረበ ደን አይቶ ነው፤ ትክል ድንጋዮቹንም ጨምሮ። ሞዴል ሠሪ ዛፍ በማብዛት ይታወቃል፣ የእኛው ያደክመዋል። የእንሰት ቅጠል ከወረቀት ሲቆረጥ ጫፉ መተርተር አለበት፤ ንፋስ ያልተረተረው የእንሰት ቅጠል ያየ የለም።

አፈሩ አያሳስበንም። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ሞዴል ሠሪዎች መሬት ለማልበስ ከሚጠቀሙባቸው ነገሮች አንዱ የቡና አተላ ነው። ጠጥተው ያደርቁትና በሙጫ ላይ ይነሰንሱታል፤ ቀለሙም ልሙጥ አለመሆኑም እውነተኛ አፈር ያስመስለዋል። ስንቱ የይርጋ ጨፌ ቡና ተፈልቶ ካለቀ በኋላ የባቫሪያ ገደል ሆኖ እንደቀረ እግዜር ይወቀው። እኛ ዘንድ ሦስተኛው ስኒ ሲያልቅ ጀበናው የሚደፋበትን ቦታ ማወቅ ብቻ በቂ ነው።

ባቡሩ በእውነት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ይሻለን ነበር ወይ ለሚለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ ሐረር መውጣት ከብዶት ሜዳው ላይ ስለቀረ ከተማ ሆነች። ባቡሩ ሲታመም ደግሞ አብራ ታመመች። ዲላ በአንድ ድርጅት ጡረታ ላይ የተንጠለጠለች ከተማ አልሆነችም። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጎሚስታው፣ መንገድ ዳር ሥጋ የሚጠብሰው፣ ሁሉም የሚኖረው ከጭነት መኪና ነው። ይህን የምለው ያልመጣውን ባቡር ለማሽሟጠጥ አይደለም፤ ሞዴሉን የሚሠራው ሰው ጣቢያው አጠገብ አይሱዙ ማቆሚያ እንዳይረሳ ነው።

አሁን ወደ ፉርጎው። ከውጭ ማስመጣቱን እርሱት። በዚህ ልክ የተሠራ አንድ ዕቃ ፉርጎ ከመቶ ዩሮ በላይ ይጠይቃል፤ ጉምሩክ ደግሞ አሻንጉሊት ነው ብሎ አይምርም። አካሉን የእኛ ቆርቆሮ ሠሪዎች በግማሽ ቀን ይቀጠቅጡታል። መንኮራኩሩ ነው ችግር፤ ለእሱ ቶርኖ ቤት መሄድ ግድ ነው፤ ቶርኖ የሚያውቅ የዩኒቨርሲቲ ወይም የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪ ቢይዘው ለመመረቂያ ሥራ አያንስም። ቀለሙ የዛገ ቀይ ይሁን፤ የሞዴል ሰዎች አዲስ ፉርጎን አሮጌ ለማስመሰል የጠመኔ ዱቄት ቀብተው ይደክማሉ። እኛ በበጋ ቡሌ መንገድ ዳር አንድ ሳምንት ብናስቀምጠው ይበቃል።

በሩም ቁልፍ ይኑረው፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ሲጫኑት ይከፈትና ከውስጥ ነጭ ለባሽ ወተት አውራጅ ሳይሆን ሸሚዙን አውልቆ ጆንያውን ማጅራቱ ላይ ያደረገ የዲላ ጫኝና አውራጅ ይውጣ። የሊዮኔሉ ሰውዬ በተጠራ ቁጥር ይታዘዛል። የእኛው መጀመሪያ በሩ ላይ ቆሞ ዝም ማለት አለበት፤ ሁለተኛ ሲጫኑት ነው አንድ እርምጃ የሚራመደው፣ ሦስተኛ ሲጫኑት ነው የሚያወርደው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የዋጋ ድርድር ነው፤ ያለ እሱ ዲላ ውስጥ የተራገፈ ጭነት አላየሁም። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ ከባድ አይደለም፤ የወተቱን ሰውዬ የሚገፋው የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ኤሌክትሮማግኔት ነው። ዲናሞ ጠምጥሞ የሚያድር ባለሙያ በየሰፈሩ አለን። አንዱን አማክሬው ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተጭነውት የሚታዘዝ ሰው መሥራት ከአንድ ጊዜው እንደሚቀል ነገረኝ፤ ሽቦው ቢደክም እንኳ ሰው ዋጋ እየተከራከረ ነው ብሎ ያልፈዋል።