ማስታመምም ሙያ ነው፤ ስንጠየቅ እንናገረው



እንደሚታወቀው በሰፈራችን ሥራ ፈላጊው ብዙ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ማመልከቻ ለማጻፍ ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ከሚመጡት መካከል በርከት ያሉት የሚፈልጉት የእንክብካቤ ሥራ ነው። አንዷ በሕፃናት ማቆያ፣ ሌላዋ በአረጋውያን መጦሪያ፣ ሌላው የአእምሮ ሕሙማን በሚረዱበት ቦታ ለመቀጠር ይሻሉ። ሥራው የሴት ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። አቅም ያነሳቸውን አባት ደግፎ የሚያነሣ፣ የሚያጥብና የሚያስተኛ ወንድም ይፈለጋል።

ይሁንና ከነዚህ ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ለቃለ መጠይቅ ተጠርተው ሳይሳካላቸው ሲመለሱ እናያለን። ሥራውን ስለማያውቁት ነው ለማለት አይቻልም። የሚያውቁትን ሥራ እንደ ሥራ ስለማይቆጥሩት፣ ሲጠየቁም ስለማይናገሩት ነው እንጂ።

"የሥራ ልምድ አለዎት ወይ?" ሲባሉ "ኧረ ምንም የለኝ፣ ቤት ነው የዋልኩት" ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። ይቺ አነጋገር ትሕትና ትመስላለች፤ ነገር ግን ሰውን ከእንጀራው ታስቀራለች። አልጋ ላይ የዋሉ አማቷን አምስት ዓመት ያስታመመች ሴት እውነት ቤት ነው የዋለችው? ገላቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ስታገላብጥ፣ ስታጎርሳቸው ትን እንዳይላቸው ቀና አድርጋ ስታስቀምጥ፣ መድኃኒታቸውን ሰዓት ጠብቃ ስትሰጥ፣ ሌሊት ሲቃዡ ተነሥታ ስታረጋጋ ነው የኖረችው። ይህንኑ ነገር ሌሎች ገንዘብ ከፍለው በትምህርት ቤት ይማሩታል። እሷ ግን "ምንም የለኝ" ትላለች።

በአገራችን ትልልቆቹ የእርዳታ ሥራዎችም ቢሆኑ ከቤት የተነሡ ናቸው። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወሎ በድርቅ ተጎድቶ ሳለ ሁለት ሕፃናት ወደ ቤታቸው ይዘው መጡ። ከዚያ ተነሥቶ ነው ስንት ወላጅ ያጡ ልጆች ያደጉበት ድርጅት የቆመው። እሳቸውም በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከዚሁ ሥራ አልተለዩም። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከልም በ2002 ዓ.ም. በአቶ ቢኒያም በለጠ ሲመሠረት በጥቂት ሰዎች የተጀመረ ነው። ስለዚህ ከቤት የመጣ ልምድ ነው ብሎ የሚያፍር አይኑር።

ታዲያ እንዴት ይነገር? "ደግ ነኝ፣ ታጋሽ ነኝ፣ ሰው እወዳለሁ" ማለት ብቻውን አይበቃም። ይህን ሁሉም አመልካች ይለዋል፤ ጠያቂዎቹም ሰልችቷቸዋል። የሚሻለው የሠሩትን በዝርዝር መንገር ነው። ማንን ነው የተንከባከቡት? ለምን ያህል ጊዜ? ምን አስቸገረዎት? እርስዎ ምን አደረጉ? በመጨረሻስ ምን ሆነ? እነዚህን አምስት ነገሮች የሚመልሱ ሁለት ወይም ሦስት ታሪኮች ከቤት አዘጋጅታችሁ ሂዱ። ቡና ላይ ለጎረቤት ንገሩት፤ ያልገባውን ይጠይቃችሁ። ሦስቴ ከተናገራችሁት ጠያቂ ፊት ምላስ አይተሳሰርም። ውሸት ግን አይጨመርበት። ስለ እናንተ የሚመሰክር ሰው ስልክ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ያልሠራችሁት ሥራ ያን ጊዜ ያጋልጣችኋል።

አንዳንዱ አመልካች "ለምን ይሄን ሁሉ ያፋጥጡናል?" ብሎ ያማርራል። ነገሩን ከወዲያ በኩል ሆኖ ማየት ይገባል። የሚቀጠረው ሰው በር ዘግቶ ብቻውን የሚቀመጠው አፉን ካልፈታ ሕፃን ጋር፣ ወይም የበሉትን ከሚረሱ አዛውንት ጋር ነው። እነሱ ቢበደሉ ሄደው አይከሱም። ያ ሁሉ ጥያቄ የሚጠየቀው በነሱ ፈንታ ነው። የኛ እናት ወይም የኛ ልጅ እዚያ ብትሆን እኛም አፋጥጠን ነበር የምንጠይቀው። ይህን ያወቀ ሰው ጥያቄውን አይፈራውም።

ብዙ ጊዜ ከሚጠየቁት ጥቂቶቹን እናንሣ።

አንደኛ፣ "ሕፃኑ ቢያስቸግር ምን ያደርጋሉ?" የሚለው ነው። "አንድ ሁለቴ ቆንጠጥ አደርገዋለሁ" ያለ ሰው ሥራው እዚያው አምልጦታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤትም ሆነ በሕፃናት ማሳደጊያ በአካል መቅጣትን ይከለክላል። እኛ በቁንጥጫና በበርበሬ ጭስ ያደግን እንኖራለን፤ ያ ግን ለዚህ ሥራ መልስ አይሆንም። ርቦት ይሆን፣ እንቅልፍ ይዞት ይሆን፣ አሞት ይሆን ብዬ አያለሁ፣ ዝቅ ብዬ ዓይን ዓይኑን እያየሁ አናግረዋለሁ፣ ካልሆነልኝ ለኃላፊዬ እነግራለሁ ማለት ይሻላል። ማለት ብቻ ሳይሆን ማድረግም ይሻላል።

ሁለተኛ፣ "አረጋዊቷ አልበላም፣ አልታጠብም ቢሉስ?" ይባላል። በግድ ማጉረስ አደጋ አለው፤ ገላን በግድ ማጠብም ክብር መንካት ነው። መጀመሪያ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። ጥርሳቸውን አሟቸው ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ቀዝቅዞባቸው ይሆናል፤ ጾም ላይ ይሆናሉ። ሃይማኖታቸው ከተንከባካቢው ቢለይ የሚጾሙትንና የማይበሉትን ሥጋ ጠይቆ ማወቅና ማክበር የሥራው አንዱ ክፍል ነው። ቆየት ብሎ እንደገና መሞከር፣ አሁንም እምቢ ካሉ በመዝገብ ጽፎ ለነርሷ ወይም ለኃላፊው ማስታወቅ ይገባል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት መስጠት ወይም ማቋረጥ በፍጹም አይባል።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ "የሥራ ባልደረባዎ አንዱን ሕመምተኛ ሲመታ ቢያዩ ምን ያደርጋሉ?" የሚለው ነው። እኛ ነገር ማመላለስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። በርግጥ ተንከባካቢ የሰው ገበና ጠባቂ ነው። የሕመምተኛውን ሕመም፣ የቤተሰቡን ጠብ፣ ገላውን ሲያጥብ ያየውን ይዞ ወጥቶ ጎረቤት ላይ አያወራም። ገበና መጠበቅ ግን በደል መሸፈን አይደለም። ገበናው የሕመምተኛው እንጂ የመቺው አይደለም። ስለዚህ መልሱ አጭር ነው፤ አስጥላለሁ፣ በዕለቱም ለኃላፊ እናገራለሁ። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ባይቀጠር ይሻላል።

ስለ ማስረጃም ጥቂት እንበል። መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ እስከ ስንተኛም ይሁን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ዋናውና ኮፒው በአንድ ክላሴር ውስጥ ይደርደር። ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ወረቀትና ዋስ የሚጠይቁ ስላሉ አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ማጣራት ከምልልስ ያድናል። ልብስ ንጹሕ ይሁን እንጂ አዲስ መሆን የለበትም። ጥፍር ይቆረጥ፤ ረጅም ጥፍር የሕፃን ገላ ይቧጭራል፤ ጠያቂዎቹም አይተው ይገምታሉ። የታክሲውን ወረፋ አስቦ ቀደም ብሎ መነሣትም ያስፈልጋል፤ በዚህ ሥራ አንዱ ሲያረፍድ ሌላው ተረኛ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም።

መጨረሻ ላይ "እርስዎስ የሚጠይቁን ነገር አለ?" ሲሉ "የለም" ብሎ መነሣት አይገባም። ደመወዙ ስንት ነው? የሌሊት ተራ በሳምንት ስንት ቀን ነው? ጓንትና ሳሙና ይቀርባል ወይ? ከባድ ሰው ሲነሣ ረዳት አለ ወይ? ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የፈረመበትን ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በግለሰብ ቤት የሚደረግ ቅጥር ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ስለሆነም ሰው ቤት አረጋዊ ለማስታመም ወይም ሕፃን ለመጠበቅ የሚገባ ሁሉ ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑንና ሥራውን በወረቀት አስፍሮ በምስክር ፊት ይፈራረም። "ቦታ ይዘንልሻል፣ መጀመሪያ ገንዘብ አምጪ" የሚል ካጋጠመ ደግሞ ዞር ማለት ነው። ይኸው አዋጅ ሠራተኛና አሠሪ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው ገንዘብ እንዳይቀበል ያዛል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ይህ ሥራ ወገብ ያጎብጣል፤ የሰው ዓይነ ምድር ማጽዳት አለበት፤ ያስታመሙት ሰው ሲሞት ልብ ይሰብራል። ሌላ ስላጣ ብቻ የሚገባበት ሥራ አይደለም። ሕሊናው የፈቀደለት ሰው ግን በዕውቀቱ ሳያፍር ይቅረብ።

ማኅበራችንም በበኩሉ ይህን ይጠይቃል። ከዚህ ቀደም በማቆያና በመጦሪያ የተቀጠራችሁ ጎረቤቶቻችን፣ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ ሰው በሰፈሩ ሲኖር አንድ ምሽት ሰዓት ሰጥታችሁ አለማምዱት። እናንተ ጠያቂ፣ እሱ ተጠያቂ ሆኖ ይሞክር። ጽሕፈት ቤታችን ወንበርና መብራት አያጣም። ለቀብር ተጠራርተን እንደምንወጣ ሁሉ ለእንጀራም እንጠራራ።