ዲሹን እንካፈል፣ ሪሲቨሩን እንለይ



በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምንወያየው ስለ ኮንትራት፣ ስለ ደመወዝና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ነው። ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ግን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። ስለ ዲሽና ስለ ሪሲቨር ነው። ይሁን እንጂ ለሽምግልና በተጠራሁባቸው ቤቶች ከገንዘብ ብድር ቀጥሎ ሰውን ከሰው ሲያጣላ ያየሁት ይኸው ነገር ስለሆነ፣ ዝም ብሎ ማለፉ ትክክል መስሎ አልታየኝም።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። እዚህ ቤይሩት፣ ቡርጅ ሐሙድ አካባቢ አምስት እኅቶች አንድ መኝታ ክፍልና አንዲት ጠባብ ሳሎን ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሦስቱ ተመላላሽ ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ እሑድ እሑድ ብቻ ከማዳም ቤት ይመጣሉ። ገንዘብ አዋጥተው አንድ ዲሽ አስተከሉ። ሳሎን አንድ ሪሲቨር፣ መኝታ ክፍሉ ሌላ ሪሲቨር ገባ። የተከለላቸው ሰው ከዲሹ የወረደውን አንድ ገመድ በትንሽ ማከፋፈያ ለሁለት ከፍሎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤቱ ሰላም አጣ። የሳሎኑ ሲከፈት የመኝታ ክፍሉ ግማሽ ጣቢያ ይጠፋል። «አንቺ ነሽ ሆን ብለሽ የምታጠፊብኝ»፣ «እኔ ሪሞቱን እንኳ አልነካሁም» እየተባባሉ ሁለት ወር አለፈ። ነገሩ ከቴሌቪዥን አልፎ የቆየ ቂም ቀሰቀሰ፤ የአገር ቤት ወሬ ሳይቀር ተነሣ። በመጨረሻ ታናሺቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

አባ «ሂድና አነጋግራቸው» ብለው ላኩኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አዳመጥኩ፤ ስለ ትዕግሥትና ስለ ይቅርታ መከርኩ፤ ተሳስመው ተለያየን። በሚቀጥለው እሑድ ያው ጠብ እንደገና ተነሣ። የእኔ ምክር ገመዱን አላስተካከለውም ነበርና! በኋላ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ አንድ ወንድም ይዤ ሄድኩ። ማከፋፈያውን አይቶ ሳቀ። «ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ጥፋቱ የገመዱ ነው» አለ። በዕለቱ አስተካከለው፤ ወጪውም እኔ ለታክሲ ካወጣሁት እምብዛም አይበልጥም ነበር። የወጣችው እኅት ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ይህን የጻፍኩት ሌላ ቤት እንዳይደገም ነው። የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። ከዲሹ ፊት ለፊት የምትቀመጠው፣ እዚህ አገር «ራስ» የሚሏት፣ እኛ ኤልኤንቢ የምንላት ዕቃ ከሳተላይት የሚመጣውን ሞገድ ተቀብላ በገመዱ ታወርዳለች። ሪሲቨሩ ደግሞ በዚያው ገመድ ወደ ላይ ኤሌክትሪክ ይልክላታል። 13 ቮልት ሲልክላት ቁመው የሚመጡትን ሞገዶች፣ 18 ቮልት ሲልክላት ተጋድመው የሚመጡትን ትሰጠዋለች። ከዚህም ሌላ 22 ኪሎኸርዝ የሚባል ምልክት አለ፤ ምልክቱ ሲኖር የላይኛውን፣ ሳይኖር የታችኛውን ክፍል ታወርዳለች። ስለዚህ አንድ ገመድ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ከአራቱ ክፍል አንዱን ብቻ ነው። ሁለት ሪሲቨር በአንድ ገመድ ላይ ሲታሰር አንዱ 13፣ ሌላው 18 ይጠይቃል፤ ከፍ ያለው ያሸንፋል፤ የሌላው ስክሪን «ሲግናል የለም» ይላል። አንዲትን ሠራተኛ ሁለት ማዳሞች በአንድ ጊዜ «ነይ»፣ «ሂጂ» ሲሏት ማለት ነው። የማንን ትሥራ?

እንግዲህ በአንድ ቤት ብዙ ቴሌቪዥን ለማየት ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው፣ አንድ ሪሲቨር ለሁሉም ማድረግ ነው። ከሪሲቨሩ የሚወጣው የኤችዲኤምአይ ገመድ በማከፋፈያው ለሁለት ወይም ለሦስት ቴሌቪዥን ይከፈላል። ርካሽ ነው። ነገር ግን ሁሉም ቴሌቪዥን የሚያሳየው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። ሪሞቱን የያዘችው የቤቱ ንግሥት ትሆናለች። ወጥ እየሠሩ ከወጥ ቤት ለመከታተል ይበቃል፤ ለአምስት ሰው ግን የጠብ መነሻ ነው።

ሁለተኛው፣ አንድ ዲሽ አቁሞ ብዙ መውጫ ያላት ራስ መትከል ነው። ሁለት መውጫ ያላት ትዊን፣ አራት ያላት ኳድ፣ ስምንት ያላት ኦክቶ ትባላለች። ከእያንዳንዱ መውጫ አንድ ገመድ ለአንድ ሪሲቨር ይወርዳል፤ ሁሉም ያሻውን ይከፍታል፤ ማንም የማንንም አያጠፋም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኳትሮ የምትባል ስሟ ከኳድ የሚመሳሰል ሌላ ራስ አለች። እርሷም አራት መውጫ አላት፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መውጫ ከአራቱ ክፍል አንዱን ብቻ ስለሚሰጥ፣ መልቲስዊች የሚባል ዕቃ ከሌለ አትሠራም። ለትልቅ ሕንፃ ትጠቅማለች፤ ለእናንተ ቤት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ሱቅ ስትሄዱ ስሙን በደንብ ጠይቁ።

ሦስተኛው፣ በየሰፈሩ በወር ሒሳብ ገመድ ከሚያስገባው ሰው መውሰድ ነው። ጣቢያ የሚመርጠው ግን እርሱ ነው። የአገራችንን ጣቢያ ካላስገባ በየወሩ የምትከፍሉት ለማታዩት ነገር ነው።

የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። ዲሹን እንካፈል፣ ሪሲቨሩን እንለይ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዲሹ ነው፤ ለሪሞቱ አይሆንም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አቅጣጫውን እወቁ። ማዳም ቤት የምናያቸው ብዙዎቹ የዐረብኛ ጣቢያዎች የሚመጡት ናይልሳት ካለበት ከ7 ዲግሪ ምዕራብ ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎችም ብዙዎቹ ቀድሞ በዚያው አቅጣጫ ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በሚገኘው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ እንደሚጀመር ከተነገረ በኋላ ብዙዎቹ ወደዚያ ተዛወሩ። ከቤይሩት ሲታይ አንዱ በደቡብ ምዕራብ፣ ሌላው በደቡብ ምሥራቅ ነው። አንድ ዲሽ ሁለቱንም አይችልም። የሳተላይት ኃይልም በየአገሩ እኩል አይደርስም። ስለዚህ የነጋዴ ቃል አይብቃችሁ፤ እዚያው ሰፈር የምትኖር እኅት ቤት ሄዳችሁ በዓይናችሁ አይታችሁ ግዙ።

«አሁን ስልክ እያለ ዲሽ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ስልክ ብዙ ነገር ቀይሯል። ነገር ግን የካርድ ሒሳብ የሚከብዳት እኅት አለች፤ ስልኳ በማዳም እጅ የሚቆለፍባትም አለች። ደግሞም በስልክ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ለየብቻው ነው የሚያየው። እሑድ ቡና ተፈልቶ፣ ዜና በራስ ቋንቋ እየተሰማ፣ አብሮ መሳቅና አብሮ ማዘን ሌላ ነገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቋንቋ ስትታዘዝ ለቆየች ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

በማዳም ቤት የምትኖሩ እኅቶችን ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከሳሎኑ ሪሲቨር በስውር ገመድ ስባችሁ ወደ ክፍላችሁ አታስገቡ። ሪሲቨሩ ሳይነቀል ገመዱ ሲነካካ የመሐሉ ሽቦ ከዳሩ ጋር ተገናኝቶ ሪሲቨሩን ሊያቃጥል ይችላል፤ ያን ጊዜ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ስምም ይጠፋል። ይልቅ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ልመና አይደለም። በብዙ ቤት አሮጌ ቴሌቪዥን በመጋዘን ተቀምጦ አለ፤ አንድ መውጫ መጨመር ለአሠሪ ከባድ ወጪ አይደለም። አንዷ «አይሆንም» ብትል፣ ሌላዋ «እሺ» ትላለች።

ከሁሉ በላይ ግን የማሳስባችሁ ይህ ነው። ዲሽ ለማዞር ጣሪያ ላይ አትውጡ፤ በረንዳም ላይ አትንጠልጠሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 ባወጣው መግለጫ፣ ከጃንዋሪ 2007 ወዲህ በሊባኖስ ቢያንስ 95 ስደተኛ የቤት ሠራተኞች እንደሞቱ፣ ከእነርሱም 24ቱ ከፎቅ ወድቀው እንደሆነ ገልጾ ነበር። ብዙዎቹ የወደቁት ከአሠሪ ቤት ለማምለጥ ሲሞክሩ ነው እንጂ በዲሽ ምክንያት አይደለም። ቢሆንም በረንዳ ምን ያህሉን እኅቶቻችንን እንደበላ ለሚያውቅ ሰው፣ ነፋስ ያጣመመው ዲሽ ነፍስ የሚያስከፍል ነገር አይደለም። ማዳም «ውጪና አዙሪው» ብትል፣ «ማዳም፣ እኔ አላውቅበትም፣ ባለሙያ ይጠራ» በሉ። ደግማ ብትቆጣም ቁጣዋ ያልፋል።

በጋራ ለምትኖሩት ደግሞ ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ገንዘብ ስታዋጡ ማን ስንት እንዳዋጣ በወረቀት ጻፉና ፈርሙ። አንዲቱ አገር ቤት ስትገባ ወይም ቤት ስትቀይር ድርሻዋ እንዴት እንደሚመለስ ቀድሞ ይወሰን። ዲሹና ራሷ የጋራ ይሁኑ፤ ሪሲቨር የገዛችው ይዛው ትሂድ። ሁለተኛ፣ በጄኔሬተር 5 አምፔር የሚጠቀም ቤት በ220 ቮልት ወደ 1100 ዋት ነው ያለው። ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን ከነሪሲቨሩ ይችላል፤ ካውያ ሲጨመርበት ግን ይወድቃል። መብራቱ ሲጠፋ ጥፋቱን ቴሌቪዥን ከፍታ በምታየዋ ላይ አትጣሉ። ሦስተኛ፣ እሑድ ብቻ የሚመጡትን አስቡ። እናንተ ስድስት ቀን ታያላችሁ፤ እነርሱ ያላቸው ግማሽ ቀን ነው። በዚያች ግማሽ ቀን ሪሞቱ በእነርሱ እጅ ቢሆን ምን ይጎዳችኋል?

ቀድሞ የነገርኳችሁ ቤት ዛሬ አራት ሰው ነው የሚኖርበት። ሁለቱም ቴሌቪዥን በደንብ ይሠራል። ባለፈው ጊዜ ስሄድ ትልቋ እኅት ቡና እየቀዳች «ያኔ ገመዱን ቀድመን አስመርምረን ቢሆን ኖሮ» አለችና ዝም አለች። እኔም የምመልሰው ቃል አላገኘሁም። እኔም ብሆን ከገመዱ በፊት የመረመርኩት የእነርሱን ልብ ነበርና።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ በቤታችሁ አንድ ነገር ሲበላሽ «ማን አበላሸው?» ከማለታችሁ በፊት «ምኑ ነው የተበላሸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቸር ይግጠመን።